«አይነሱ» አትበሏቸው

(ባለፈው እሁድ የሰፈራችን እድር ስለ አረጋውያን ጤና እንድናገር ጋብዞኝ ነበር። ያልመጡ ሰዎች «ጻፈውና እናንብበው» ብለው ወጥረው ያዙኝ። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ እንዳወራሁት ነው የተውኩት፤ እዚያ የዘነጋሁትን አንድ ሁለት ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ቅድም በሩ ጋ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ቦታ ያዙ። ደስ አለኝ። ይህ ነገር እስካሁን አለመጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ነጠላቸው ከወንበሩ ኋላ ወደቀባቸው። ሊያነሱ ብድግ ማለት ሲጀምሩ ሦስት ሰው ባንድ አፍ «አይነሱ! አይነሱ እማማ!» አለ። ተመልሰው ተቀመጡ። ነጠላውን አንዱ ልጅ አንስቶ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው፤ መረቁት። ይኸው አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሱም።

ዛሬ የማወራው ስለዚያች «አይነሱ» ነው። ከፍቅር ነው የምትወጣው፣ አውቃለሁ። እኔም ስላት ኖሬያለሁ። ግን እየጎዳቻቸው ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰውን ከአልጋና ከወንበር ማስነሳት ነው። እናቴን ግን ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት እኔው ራሴ ነኝ።

እናቴ የኖረችው ቀበሌ ቤት ነው። ቧንቧው ግቢው መሃል፣ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ማድቤቱ ለብቻው። ጉልት ለመድረስ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱን መውጣት አለ። ጠዋት ቤተክርስቲያን፣ ከሰዓት ጎረቤት ቡና፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ፣ ሰው ሲወልድ አራስ ጥየቃ። ስፖርት የሚባል ነገር በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ግን ወጣ ገባ ስትል ነበር የምትውለው። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ውሃው ቤት ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱ ከመኝታዋ አምስት እርምጃ ነው፣ ማድቤቱ ከሶፋው ፊት ለፊት ነው። ሠራተኛ ቀጠርኩላት። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁላት። ሪሞቱን እጇ ላይ አድርጌ «እማዬ፣ አንቺ አሁን ቁጭ በይ፤ እስካሁን የለፋሽው ይበቃሻል» አልኳት። ውለታ የከፈልኩ ነበር የመሰለኝ።

ስምንት ወር አለፈ። ፋሲካ ደረሰ፤ ቡናውን ራሷ ካላፈላሁ አለች። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ አቦሉን ቀዳች፣ ቶናውን ቀዳች፣ በረካውን ቀዳች። ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ ልትነሳ ሞከረች። አልተነሳችም። አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተወዛወዘች። ሁለተኛ ተወዛወዘች። ከዚያ ሁለት እጇን ቄጤማው ላይ አስደግፋ፣ መቀመጫዋን ወደ ላይ አንስታ፣ ረከቦቱን እንዳትገፋው እየተጠነቀቀች፣ በአራት እግሯ እንደምትድህ ሆና ነው የተነሳችው። «እግሬ ደንዝዞ ነው» ብላ ሳቀች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን አነሳስ አውቀዋለሁ። ጭናቸው ያለቀባቸው ሰዎች እንደዚያ ነው የሚነሱት፤ በየቀኑ ሥራ ቦታዬ አየዋለሁ። ያን ቀን ግን ቤቴ ነው ያየሁት።

እስቲ አንድ ነገር እንለይ። ስፖርት አለመሥራትና ቁጭ ብሎ መዋል አንድ አይደሉም። ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግሩ ሄዶ ከዚያ እስከ ማታ ከሶፋ የማይነሳ ሰው አለ። ስፖርት የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ፣ ግን አምስት ደቂቃ አንድ ቦታ ላይ የማይረጋም አለ። ባለሙያዎች «ቁጭ ብሎ መዋል» የሚሉት ነቅተን ሳለ ተቀምጠን፣ ተደግፈን ወይም ጋደም ብለን፣ ሰውነታችን ምንም ያህል ጉልበት ሳያወጣ የሚያልፈውን ሰዓት ነው። እንቅልፍ አይቆጠርም።

ነገሩ መጠናት የጀመረው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በአውቶቡስ ነው። ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም በለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ማጥናት ጀመረ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። ቲኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው፤ በአንድ ፈረቃ ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ሁለቱም አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ዓይነት ኑሮ ነው ያላቸው። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ ወደ 31,000 የሚጠጉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ተጠንተው ውጤቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የልብ ሕመም ሹፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ቲኬት ቆራጮቹ ቢታመሙም ሕመሙ ዘግይቶ የሚመጣና ቀለል ያለ ነበር። በፖስታ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ እየዞሩ ፖስታ የሚያድሉት ቢሮ ከሚቀመጡት ይሻሉ ነበር። ሞሪስ ግን ቶሎ አልጨበጠም። «ምናልባት ሹፌር የሚሆነው መጀመሪያውኑ ወፍራሙ ሰው ቢሆንስ?» ብሎ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር መዝግቦ አየ። እውነትም የሹፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ አንዱ ምክንያት ብቻውን ሁሉንም አያብራራም፤ ነገር ግን ውፍረቱን ለይተው ሲያዩትም ልዩነቱ አልጠፋም። ይህን ሰውዬ የምወደው ለዚህ ነው፣ የራሱን ሐሳብ ራሱ ይፈትናል። ራሱም ሲንቀሳቀስ ኖሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመቱ ነው ያረፈው።

እኛ ጋ ሹፌሩንና ረዳቱን አስቡ። ከዚያ ቤታችሁን አስቡ። በየቤታችን ከቤተሰቡ ሁሉ ሹፌሩን የሚመስለው ማን ነው? አባባ ናቸው። እማማ ናቸው።

አሁን ወደ እግር እንምጣ፣ የኔ ሞያ እሱ ስለሆነ ትንሽ ቆይታ ይፈቀድልኝ። በ1966 እ.ኤ.አ. በዳላስ፣ አሜሪካ፣ አምስት የ20 ዓመት ጎረምሶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። አልታመሙም፤ ዝም ብለው ተኙ። ልባቸውና ሳንባቸው የመሥራት አቅሙ በጣም ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው አግኝተው እንደገና ለኳቸው። ሠላሳ ዓመት ዕድሜ የወሰደባቸው፣ ያ የሦስት ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደግሜ ነው ያነበብኩት። «እርጅና ነው» የምንለው ነገር ስንቱ እርጅና ነው፣ ስንቱ ወንበር ነው?

እነሱ ጎረምሶች ነበሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ዋሉ። ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ጠፋ። በ10 ቀን! እስቲ አንድ ኪሎ ሥጋ ከልኳንዳ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። ያ ነው ከእግራቸው የሄደው። ለዚህ ነው አንድ ሰው ሆስፒታል ለሳንባ ምች ገብቶ፣ ሳንባው ድኖ፣ በእግሩ መሄድ ሳይችል የሚወጣው። አስታማሚው ቀኑን ሙሉ «ተኛ፣ አትነቃነቅ» ሲለው ነበር። ሰው ስታስታምሙ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «መነሳት ይፈቀድለታል?» ከተፈቀደለት አንሱት። ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ኮሪደሩን አንድ ጊዜ አዙሩት።

ጡንቻ ለመነሳት ብቻ አይደለም የሚጠቅመን። የበላነው እንጀራ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ትልቁ ተቀባይ ጡንቻ ነው። ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ከደም ይስባል፣ ኢንሱሊን ባያግዘው እንኳ ይስባል። ሲቀመጥ በሩን ይዘጋል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይንከራተታል። ባታችን ደግሞ በተራመድን ቁጥር ጨመቅ ለቀቅ እያለ ደሙን ከእግር ወደ ልብ ይገፋል። ሰው ሲቀመጥ ያ መግፋት ይቆማል። ማታ የእማማን ካልሲ ስታወልቁ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጠልቆ ቀለበት ሠርቶ አይታችሁ አታውቁም? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የልብና የኩላሊት ሕመምም እንደዚያ ያደርጋል፣ ስለዚህ እብጠቱ የማይጠፋ ከሆነ አሳዩአቸው። አንዱ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ ግን ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ነገ አትበሉ፣ ያኑ ቀን ውሰዷቸው።

ስለ ስኳር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ስላለ። ወደ እስራኤል በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር ሕመም እነሱ ጋ ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በጣም ጨመረ። ምግቡ ተለውጧል፣ ኑሮው ተለውጧል፣ እግርም ሥራ ፈትቷል። አንዱን ብቻ ነጥሎ «ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ደሙ ግን ያው ደም ነው፤ ዘራችን አልተለወጠም። አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ እናት አባታችሁን የምትወስዱ ልጆችም እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። አባታችሁ አገር ቤት እያሉ በየቀኑ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ደርሰው፣ መንገድ ላይ ከስንት ሰው ጋር ቆመው ሰላም ተባብለው ነበር የሚመለሱት። እዚያ እናንተ ጠዋት ሥራ ትገባላችሁ፣ ውጭው በረዶ ነው፣ ቋንቋው አይገባቸውም፣ ያለ መኪና የትም አይደረስም። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ናቸው። የተመቻቸው ይመስለናል። እየደከሙ ነው።

እሺ፣ አሁን ደስ ወደሚለው እንሂድ።

በ1990 እ.ኤ.አ. በቦስተን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ 90 ዓመት አካባቢ የሆናቸው 10 ሰዎች ተመረጡ። ደካሞች ናቸው፣ ብዙ ሕመም አለባቸው። ለስምንት ሳምንት የጭናቸውን ጡንቻ በከባድ ክብደት እንዲያሠሩ ተደረገ፤ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ። ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው! ሁለቱ ከዘራቸውን ተዉት። ዘጠና ዓመት ላይ! «እኔማ አሁን ምን ቀረኝ» የሚሉ ካሉ እዚህ ውስጥ፣ እባክዎ ይህን አይርሱት። ጡንቻ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ሥራ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው እዚያው አሜሪካ የተሠራ ትልቅ ጥናት ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ። ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆናቸው 1,635 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ግማሾቹ በእግር መሄድ፣ እግር ማጠንከርና ሚዛን መጠበቅ ተለማመዱ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ተከታተሏቸው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ 400 ሜትር መሄድ ይችላሉ? ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 35.5 በመቶው ይህን አቅም አጡ። ከተንቀሳቀሱት 30.1 በመቶው። ተአምር አይደለም፣ እኔም ተአምር አልሸጥላችሁም። ግን 400 ሜትር ምን እንደሆነ አስቡት። ከዚህ አዳራሽ እስከ ታክሲ መያዣው ነው። ያንን መሄድ የሚችል ሰው ቤተክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ለቅሶውን፣ ጎረቤቱን አላጣም።

አሁን እናንተን ላስነሳ ነው። ጎልማሶችም ሽማግሌዎችም፣ ጉልበት ሕመም ወይም ማዞር ከሌላችሁ። ወንበሩ ከግድግዳ ይጠጋ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ በሉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ እንደ ጸሎት። ሰዓት እይዛለሁ፣ 30 ሴኮንድ። ብድግ ትላላችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሩ።

(እዚህ ላይ አዳራሹ ሁሉ ተነሳ። ነጠላቸው የወደቀባቸው እናት ጎን ያለችው ልጃቸው ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ «ተዪያቸው፣ አጠገባቸው ብቻ ቁሚ» አልኳት። የመጀመሪያውን ሳይሳካላቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለተኛውን ተነሱ። ከንፈራቸውን ነክሰው አራት ጊዜ ተነሱ። አራተኛው ላይ አዳራሹ አጨበጨበላቸው።)

ከ70 እስከ 74 ዓመት የሆነች ሴት ከ10 በታች ከሆነች፣ ወንድ ደግሞ ከ12 በታች ከሆነ፣ እግሩ ደክሟል፣ የመውደቅ ዕድሉም ሰፊ ነው ማለት ነው። ዕድሜ ሲጨምር የሚጠበቀው ቁጥር ይቀንሳል፤ ከ80 እስከ 84 ባለው ለሴት 9፣ ለወንድ 10 ነው። ቁጥራችሁ ካነሰ አትደንግጡ። እናቴ ከዚያ ፋሲካ ማግስት ስሞክራት አምስት ነበረች። ቁጥሩን ማድቤት ያለው ካላንደር ላይ ጻፍነው።

መውደቅ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ቤት የሚሆነውን ልናገር። እማማ አንድ ጊዜ ይደናቀፋሉ። አይሰበሩም፣ ግን ይፈራሉ። ልጆች ከእሳቸው በላይ ይፈራሉ። «ከዚህ በኋላ ብቻዎን እንዳይነሱ!» ይባላል። ይቀመጣሉ። ስለተቀመጡ እግራቸው ይደክማል። ስለደከመ በሚቀጥለው ሲነሱ ይወድቃሉ፣ አሁን ዳሌያቸው ይሰበራል። የፈራነውን በእጃችን አመጣነው ማለት ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት ይሞታል፣ ብዙውን የሚጎዳው ከ60 ዓመት በላይ ያለውን ነው። እና መፍትሔው ሰውየውን ማስቀመጥ ሳይሆን ቤቱን ማስተካከል ነው። ሴራሚክ ላይ የሚንሸራተተውን ነጠላ ጫማ ጣሉት፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዙላቸው። የሚጠቀለለውን ምንጣፍ አንሱ። ከመኝታቸው እስከ ሽንት ቤት ሌሊት መብራት ይኑር። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጨበጥ ብረት አስተክሉ፤ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ሲነሱ ደግሞ በደረጃ ይነሱ፦ ከአልጋ ቀና ብለው ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ያወዛውዙ፣ ይዘው ይቁሙ፣ ትንሽ ቆይተው ይራመዱ። ድንገት ሲነሱ ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ያዞራል፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ላይ ደግሞ ይብሳል። ካዞራቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ እንጂ መድኃኒቱን በራሳቸው አያቁሙ።

«እሺ፣ ስንት ሰዓት ነው መቀመጥ የሚፈቀደው?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያወጣ የተወሰነ ሰዓት አላስቀመጠም። ያለው፦ ቁጭታውን ቀንሱ፣ በቀላል እንቅስቃሴም ቢሆን ተኩት፣ ከምንም ትንሽ ይሻላል። ከ65 ዓመት በላይ ላሉት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከር፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛን መለማመድ ይመክራል። ቁጥሩ ካስጨነቃችሁ ተዉትና ከዛሬው ጀምሩ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና ደግሞ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች፣ ስምንት ሰዓት ቢቀመጡ እንኳ መቀመጡ የሚያመጣው የሞት አደጋ እንደሚጠፋላቸው አሳይቷል። ቴሌቪዥን ፊት አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቀመጡት ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ለአብዛኛው ሽማግሌ ግን በቀን አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ሩቅ ነው። ለእነሱ የሚሆነው ቁጭታውን መቆራረጥ ነው። በአውስትራሊያ የተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ አለ፤ ጎልማሶች ናቸው፣ ወፈር ያሉ። ከበሉ በኋላ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ይልቅ በየ20 ደቂቃው ተነስተው 2 ደቂቃ ብቻ ቀስ ብለው ሲራመዱ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳራቸው ሩብ ያህል ቀነሰ። ሁለት ደቂቃ! ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስቶ በረንዳ ድረስ ደርሶ መመለስ ነው።

እኔ ቤት ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ሌላ ዕቃ አልገዛንም። የወሰድንባትን መለስንላት። ሠራተኛዋን አስቀምጬ አነጋገርኳት፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ገባት። ምስር መልቀም የእማዬ ሆነ፣ ግን ሰፌዱ ማድቤት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሄዳ ታመጣዋለች። በረንዳው ላይ ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳ ተከልንላት፣ ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣለች። ቡናውን እሷ ታፈላለች፣ በአቦልና በቶና መሃል ተነስታ መስኮቱ ጋ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሲኒውን ለእንግዳው ራሷ ታደርሳለች። በርጩማውን ለጊዜው ከፍ ባለ ወንበር ለወጥነው፤ ጠዋት አምስት፣ ከምሳ በፊት አምስት፣ ማታ አምስት ቁጭ ብድግ። እጇን እያስደገፈች ጀመረች፣ ኋላ ተወችው። ማጠቢያውን ይዛ በአንድ እግሯ መቆም፣ አሥር እስክትቆጥር። ደረጃው መጀመሪያ አንድ ፎቅ ብቻ ነበር፤ ወርዳ፣ ጎረቤት ጋ ተቀምጣ፣ ተመልሳ። ልትወርድ ስትል «እኔ ልላክ» ማለት አፌ ላይ ይመጣብኛል። አሁንም ይመጣብኛል። ጨክኜ ዝም እላለሁ፣ ከኋላዋ እወርዳለሁ።

ጸሎትንም አትርሱ። በእስልምና የአምስቱ ወቅት ግዴታ ሶላት 17 ረከዓ ነው፤ በያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ ስላለ በቀን 34 ጊዜ ግንባር መሬት ይነካል። መቆም አለ፣ ማጎንበስ አለ፣ ከመሬት መነሳት አለ። በኦርቶዶክስም ስግደቱ፣ መቋሚያ ይዞ ቅዳሴ መቆሙ አለ። ይህ ሁሉ ለአምልኮ ነው፣ ለጡንቻ ተብሎ አልተሠራም፣ እኔም እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ግን አባቶቻችንን እስከ ሽምግልና ያቆማቸው አንዱ ነገር እሱ ይመስለኛል። ጉልበቱ ያመመው በወንበር ይጸልይ፣ ሁለቱም እምነት ይፈቅዳል። ጉልበቱ ደህና የሆነውን ግን ለክብር ብላችሁ ወንበር አታቅርቡለት።

አንድ አባት ቅድም «ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁት ላርፍ ነው» ብለውኛል። ልክ ናቸው። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር ነው የመጣው። ሥራውን በ60 ዓመት ትተውታል፣ ይረፉ። ግን ሥራው ጋ አብሮ የሄደው ማለዳ መነሳቱ፣ ፌርማታ ድረስ መሄዱ፣ ከሰው ጋር መቆሙ ነው፤ እሱን ምን ተክቶታል? ጠዋት ተነስተው ጓደኛዎ ቤት ይሂዱ። ጋዜጣዎን ራስዎ ይግዙ። ስልክ ሲደወል ቆመው ያውሩ። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ። ከዚያ ውጭ ድካም ቢሰማዎት፣ ላብ ላብ ቢልዎት፣ በማግስቱ ጭንዎ ቢዝል አይፍሩ፤ ሥራ የጀመረ ጡንቻ እንደዚያ ነው።

እናቴ አሁን 11 ደርሳለች። ካላንደሩ ላይ ተጽፏል። አራቱን ፎቅ በሁለት እረፍት ትወጣዋለች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤቷ በር ከፍታ ትጠብቃታለች። ፋሲካ ሲመጣ በርጩማዋን እንድመልስላት አዝዛኛለች።

እንግዲህ ኮሚቴው ቡና አስፈልቷል፣ ሽታው መጥቷል። ጠረጴዛው ከአዳራሹ ኋላ ነው። ወጣቶች፣ ዛሬ ሲኒ ይዛችሁ እንዳትዞሩ። አጠገባቸው ሂዱ፣ ክንድ ከጠየቁ ስጧቸው፣ ካልጠየቁ አትንኳቸው። እማማ፣ አባባ፣ ቡናው ያውና። ይምጡ።

(መጀመሪያ የተነሱት ነጠላቸው ወድቆባቸው የነበሩት እናት ናቸው። ልጃቸው ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። ለሁለት የሚሆን ሲኒ ይዘው ተመለሱ፣ አንዱን ለሷ ሰጧት።)